መዋቅር ሲቀየር ሠራተኛውን እንዴት እንያዘው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የእኛ አገር መሥሪያ ቤት ለውጥ ብርቁ አይደለም። ቢፒአር (የሥራ ሂደትን እንደ አዲስ ማዋቀር) አለፈ፣ ቢኤስሲ (ሥራን በውጤት መመዘን) አለፈ፣ ካይዘን የተባለው የጃፓኖች የአሠራር ማሻሻያና የለውጥ ሠራዊትም መጡ። ቴሌ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተብሎ እንደ አዲስ ተዋቀረ። መብራት ኃይል በ2006 ለሁለት ተከፈለ። ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በ2008 ወደ ንግድ ባንክ ገባ። ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ካሳደገ ወዲህ፣ በ2017 ደግሞ ለውጭ ባንኮች በር የሚከፍተው አዋጅ ከወጣ በኋላ፣ የባንክ ሠራተኛው ሻይ ላይ የሚያወራው «እኛስ ከማን ጋር እንዋሀድ ይሆን?» እያለ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ከሰው ኃይል ባለሙያዎችና ከክፍል ኃላፊዎች በብዛት የሚነሱ ናቸው። ሠራተኛ ከሆናችሁ ሕግ ነክ የሆነውን ጥያቄ ሳታነቡ አትለፉ።

መዋቅሩ ገና አልጸደቀም። ሳይጸድቅ ለሠራተኛው ምን እንበለው?

የተወሰነውንና ያልተወሰነውን ለይታችሁ ንገሩት። ብዙ ኃላፊ «ሁሉም ነገር ሲያልቅ አንዴ እነግራቸዋለሁ» ይላል። ሠራተኛው ግን እስከዚያ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። አማካሪዎቹ መጥተው «የምትሠሩትን ሥራ ዘርዝራችሁ ሙሉ» ያሉ ዕለት ነገሩ ገብቶታል።

ከለውጡ ይልቅ ሰውን የሚጨርሰው መጠበቁ ነው። ክፍለ ሀገር ቅርንጫፍ ይመደብ አይመደብ የማያውቅ ሰው ልጁን የት እንደሚያስመዘግብ አያውቅም። የቤት ኪራይ ውሉን ያድስ አያድስ ግራ ይገባዋል። ከቁጠባ ማኅበሩ ሊወስድ ያሰበውን ብድር ይተዋል። ወደ መጥፎ ውጤትም ቢሆን የሚያደርስ ቀን ቢነገረው ኑሮውን በዚያ ልክ ያስተካክላል። ቀን የሌለው ነገር ግን እንቅልፍ ይነሳል።

ስለዚህ እንዲህ በሉ፦ «የማንም ደመወዝ አይቀነስም፤ ይህ ተወስኗል። ስንት የቡድን መሪ ቦታ እንደሚኖር ገና አልተወሰነም። የሳምንት ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ እዚሁ አዳራሽ እንገናኛለን።» ሐሙስ ሲደርስ አዲስ ነገር ባይኖርም ግቡና «አዲስ ነገር የለም» በሉ። ስብሰባውን «የሚነገር ስለሌለ» መሰረዝ በሠራተኛው ዘንድ የሚተረጎመው በአንድ መንገድ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ «ማንም አይነካም» አትበሉ። በእጃችሁ ያልሆነ ቃል ነው። አንድ ሰው የተነካ ዕለት ቀጥሎ የምትናገሩትን የሚሰማ አይኖርም።

ወሬው አስቸገረን። የቴሌግራም ግሩፑን ብንዘጋውስ?

ሌላ ይከፈታል። ልዩነቱ አዲሱ ላይ እናንተ አለመኖራችሁ ነው።

ወሬ የሚኖረው መረጃ ሲጠፋ ነው። በነገራችን ላይ፣ የዋና ሥራ አስኪያጁ ሹፌር ከምክትሉ ቀድሞ የሚሰማበት መሥሪያ ቤት ብዙ ነው። ይህን መለወጥ አይቻልም፤ መቅደም ግን ይቻላል። አንድ የሚታወቅ ሰው መድቡና «የሰማችሁትን አምጡ» በሉ። ለመጣው ወሬ ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን በጽሑፍ መልስ ስጡ። መልሱ «እውነት ነው»፣ «ውሸት ነው» ወይም «ገና አልተወሰነም» ይሁን። ሦስተኛውን መልስ ማብዛት አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ዛሬ «ውሸት ነው» ብላችሁ በወሩ እውነት ሲሆን ነው።

የድልድሉን፣ ማለትም ማን የት እንደተመደበ የሚያሳየውን ውጤት እንዴት እናሳውቅ?

መጀመሪያ እንዴት መሆን እንደሌለበት ልንገራችሁ፤ ብዙ ቦታ የሚደረገው እሱ ነውና። ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ዝርዝሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። የለጠፈው ሰው ወዲያው ይሰወራል፣ ኃላፊው ስልኩን ያጠፋል። ሰው ተገፋፍቶ ጣቱን በስም ዝርዝሩ ላይ ያስኬዳል። አንዱ በስልኩ ያነሳውና ሰርቪሱ ከግቢ ሳይወጣ ፎቶው ግሩፕ ላይ ይወጣል። ዕለቱን ፈቃድ ላይ የነበረች ሠራተኛ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብላ መመደቧን የምታውቀው ባልደረባዋ ደውላ «አይዞሽ» ስትላት ነው። «ምን ሆኜ ነው አይዞሽ የምትለኝ?» ትላለች። ቅዳሜና እሁድን በዚህ ሁኔታ ታሳልፋለች። ሰኞ ስትመጣ ለማን ትጮኻለች?

ስሞች ከመውጣታቸው ከሳምንታት በፊት መስፈርቱ ይውጣ። ትምህርት ስንት ነጥብ፣ ልምድ ስንት፣ የሥራ አፈጻጸም ስንት፣ ፈተና ካለ ስንት፣ በቁጥር ይቀመጥ። መስፈርት ከስም በኋላ ከወጣ ለሰዎቹ የተሰፋ ልብስ ይመስላል፤ ሐቁ እንደዚያ ባይሆንም።

ቀጥሎ ደረጃቸው የሚቀንስ፣ ቦታ የሚቀየሩና መደብ ያላገኙ ሠራተኞች አንድ በአንድ ይጠሩ። የሚነግራቸው የቅርብ አለቃቸው ይሁን። ሰው ኃይል ቢሮ ተጠርቶ መሄድ በራሱ መርዶ ነው። ቀኑ ከሳምንቱ መጀመሪያ፣ ሰዓቱም ጠዋት ይሁን፤ ጥያቄ ያለው ሰው በዚያው ቀን የሚጠይቀው ሰው ያገኛል።

ንግግሩ አጭር ይሁን። የተመደበበትን ቦታ፣ ምክንያቱን፣ ደመወዙና ጥቅማ ጥቅሙ ምን እንደሚሆን፣ ቅሬታ የሚያቀርብበትን የመጨረሻ ቀን ንገሩትና ዝም በሉ። ሰውዬው ይናገር። ቢያለቅስም ያልቅስ፤ ቢቆጣም ይቆጣ። «ለበጎ ነው» እና «አንተ ጠንካራ ነህ» የሚሉ ቃላት በዚህ ሰዓት ያናድዳሉ። «እኔም አልፈለግኩትም፣ ከላይ ነው የመጣው» ማለት ደግሞ ራስን ማውጣት ነው፤ ሠራተኛውም ያውቀዋል።

የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው አባላት እነማን እንደሆኑ፣ በስንት ቀን እንደሚመልሱ አስቀድሞ ይታወቅ። መልሱም በጽሑፍ ከነምክንያቱ ይሁን። ከቅሬታዎቹ ውስጥ አንድም የሚስተካከል ካልተገኘ፣ ኮሚቴው ለይስሙላ ነው የሚባለው ወዲያው ነው።

መደብ ያላገኘውን «ተንሳፋፊ» ምን እናድርገው?

ሥራ ስጡት። ጠዋት ፈርሞ ገብቶ፣ ጋዜጣ አንብቦ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚወጣ ሰው ደመወዙን እያገኘም ቢሆን በቁሙ ይሞታል። ከጎኑ ያሉትም «ነገ እኔ ነኝ» እያሉ ያዩታል። የመዝገብ ቤት ፋይል ማደራጀትም ሆነ አዲሱን ሲስተም የሚለማመዱትን መርዳት፣ ውጤቱ የሚታይና ማብቂያ ቀን ያለው ሥራ ይሁን። በደብዳቤ ላይ ደግሞ «ተንሳፋፊ» ብላችሁ አትጻፉ።

ሕጉ ምን ይላል? ድርጅታችን ሲዋሀድ ወይም ሲሸጥ ውላችን ይፈርሳል?

አይፈርስም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ድርጅት ቢዋሀድ፣ ቢከፈል ወይም ባለቤትነቱ ቢተላለፍ ይህ የሥራ ውልን እንደማያቋርጥ ይደነግጋል። «አዲሱ ድርጅት እንደ አዲስ ይቀጥራችኋል፤ መጀመሪያ መልቀቂያ አስገቡ» ከተባላችሁ ሳትጠይቁ አትፈርሙ። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀና የተቀነሰ ሰው መብታቸው አንድ አይደለም።

ቅነሳ ከመጣ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። አዋጁ «የሠራተኛ ቅነሳ» የሚለው ከሠራተኛው ቢያንስ 10 በመቶውን፣ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ደግሞ ቢያንስ 5 ሰው የሚነካውን ነው። አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካይ ጋር መመካከር አለበት። ችሎታና ምርታማነት ያላቸው የመቆየት ቅድሚያ አላቸው። ማስጠንቀቂያው ሁለት ወር ነው።

የሥራ ስንብት ክፍያው እንዲህ ይሰላል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም የ10 ቀን። ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በቅነሳ ለወጣ ሰው በላዩ የ60 ቀን ይጨመራል። ሰባት ዓመት የሠራች ሰው ብትቀነስ 30 ሲደመር 60፣ ለቅነሳው ደግሞ 60፣ በድምሩ የ150 ቀን ደመወዝ ይደርሳታል ማለት ነው። ሒሳቡ የሚሠራው በመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ ነው። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድም ወደ ገንዘብ ተቀይሮ ይከፈላል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ አዋጅ ስለሆነ ይህ ሒሳብ እነሱን አይመለከትም።

ለውጥ ጤና ያናጋል ሲባል የተጋነነ አይደለም?

የፈረንሳይን ፍርድ ቤት ብትጠይቁ አልተጋነነም። ፍራንስ ቴሌኮም የዛሬው ኦሬንጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ 120,000 ከሚጠጉ ሠራተኞቹ 22,000 ያህሉ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲለቁ አቀደ። ብዙዎቹ የመንግሥት ሠራተኛ መብት ስለነበራቸው ማባረር አይቻልም። ስለዚህ ኑሯቸውን ማክበድ ተያዘ። ሰውን ደጋግሞ ማዘዋወር፣ ከሙያው ውጭ መመደብ፣ ቢሮ ቀይሮ ያለ ሥራ ማስቀመጥ። ራሳቸውን ያጠፉ ሠራተኞች ነበሩ። በታኅሣሥ ወር 2019 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ፍርድ ቤት ኩባንያውንና የዚያን ጊዜ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዲዲየ ሎምባርን ተቋማዊ በሆነ የሥነ ልቦና ጥቃት ጥፋተኛ አለ። በጥር ወር 2025 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ከፍተኛው የሰበር ችሎት የሎምባርን ጥፋተኝነት አጸና። ኩባንያው የተቀጣው 75,000 ዩሮ ነው፤ ሕጉ የሚፈቅደው ትልቁ ቅጣት ያ ነበር።

ይህ ኩባንያ በ2003 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮምን አስተዳደር በኮንትራት ይዞ አዲስ አበባ የመጣው ነው። ፍርዱ የሚመለከተው ፈረንሳይ ውስጥ የሆነውን ብቻ ቢሆንም፣ ዕቅዱ የወጣበት ክፍል እንደ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ስላይድና ሠንጠረዥ ያለው ክፍል እንደነበር ማሰቡ አይከፋም።

ሠራተኛው መጨነቁን በምን እናውቃለን?

«ተጭንቄያለሁ» ብሎ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው። «ጨጓራዬ ተነሳብኝ»፣ «ራሴን ወጋኝ»፣ «ወገቤን ነው» ይላል። የሕመም ፈቃድ ድንገት ሲበዛ፣ ተጫዋቹ ዝም ሲል፣ ዝምተኛው በትንሽ ነገር ሲነድ፣ ጠንቃቃዋ ሒሳብ ሠራተኛ በቀላል ደረሰኝ ስትሳሳት አስተውሉ። አንዳንዱ ደግሞ ምሽቱን መጠጥ ቤት ማሳለፍ ይጀምራል።

«ደህና ነህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው መልስ ከመታሰቡ በፊት ይወጣል። «እንቅልፍ እንዴት ነው ሰሞኑን?» በሉ። «ምሳ እየበላህ ነው ግን?» በሉ። ከዚያ አዳምጡ። ሐኪም ማየት ከፈለገ ሚስጥሩን ጠብቁለት፤ «አማኑኤል» የሚለው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስም እንደ ስድብ በሚነገርበት አገር ሰው የሚፈራው በሽታውን ብቻ አይደለም። ስለ ሞት የሚያወራ ወይም «ብገላገል» የሚል ሰው ካለ ብቻውን አትተዉት። ቤተሰቡን ጥሩለትና ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይድረስ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት የሕመም ፈቃድ እስከ ስድስት ወር ነው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ። የዓመት ፈቃድ ከ16 የሥራ ቀን ይጀምራል። «ለውጥ ላይ ነን» ተብሎ ፈቃድ መከልከል የተለመደ ነው። እኔ በተቃራኒው አምናለሁ፤ ሰው ዕረፍት የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

የክፍል ኃላፊዎቻችን ራሳቸው ግራ ገብቷቸዋል። እንዴት ሌላውን ያረጋጋሉ?

አያረጋጉም፤ መጀመሪያ እነሱ መረጋጋት አለባቸው። ከላይ ይገፋሉ፣ ከታች ይጠየቃሉ፣ የራሳቸው ወንበርም አልታወቀም። ማንኛውም መረጃ ከሠራተኛው አንድ ቀን ቀድሞ ይድረሳቸው። ከሠራተኛው ጋር አብሮ በስብሰባ የሰማ የክፍል ኃላፊ ማግስቱን ማንም አይጠይቀውም። «አላውቅም፤ ጠይቄ እስከ ረቡዕ እነግርሃለሁ» እንዲሉም ፍቀዱላቸው። ረቡዕ ግን ይንገሩ።

ሠራተኛውን አዳማ ወስደን አነቃቂ ንግግር ብናሰማውስ?

ውሎ አበልና ጥሩ ምሳ የሚጠላ የለም። ቦታው የማይታወቅ ሰው ግን «አስተሳሰብህን ቀይር» ሲባል የሚሰማው «ጥፋቱ ያንተ ነው» ነው። ሥልጠናው አዲሱ ሥራ የሚጠይቀውን ሙያ ይሁን፤ ሲስተሙን፣ ቅጹን፣ የሥራ ሂደቱን። ያውም ድልድሉ ካለቀ በኋላ። ንግግሩ ይቆይ።

ሁለት ድርጅት ተዋህደን «እኛ» እና «እነሱ» ሆነናል። ምን ይሻላል?

በመጀመሪያ የሚታይ ልዩነት ካለ ቀን ቆርጣችሁ አስተካክሉ። አንድ ዓይነት መደብ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ደመወዛቸው የሚለያይ ሁለት ሰዎችን የእግር ኳስ ውድድር አያፋቅራቸውም። የሕክምና ሽፋን፣ የቤት ብድር፣ ፕሮቪደንት ፈንድ (ሠራተኛና አሠሪ የሚያዋጡት ቁጠባ)፣ ሰርቪስ፣ ሁሉም በጠረጴዛ ላይ ይውጣ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ ሠራተኛው ራሱ ያቋቋመው ነገር ነው። እቁብ፣ የመሥሪያ ቤት ዕድር፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር። ሰዎች በተለያየ ቅርንጫፍ ሲበተኑ እቁቡ መሀል ላይ ይቀራል። እጣ የወጣላት መክፈሏን ታቆም ይሆን? ያልደረሰው ምን ይሁን? ለማኔጅመንት ይህ አጀንዳ አይደለም። ለሠራተኛው ግን ከአዲሱ ራዕይና ተልዕኮ ይበልጣል። ከደመወዝ ላይ የሚቆረጠው መዋጮ በአዲሱ የደመወዝ ሲስተም እንዲቀጥል ማድረግ ለፋይናንስ ክፍሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የእቁቡንና የዕድሩን ዳኛና ጸሐፊ ጠርታችሁ አማክሯቸው። «እነሱ» የተባሉትም በዕድሩ እንዲገቡ ከተፈቀደ፣ አንድ ለቅሶ ላይ አብሮ መድረስ የብዙ ስብሰባ ሥራ ይሠራል።

ጥሩ ጥሩ ሠራተኞቻችን እየለቀቁ ነው።

ሌላ ቦታ የሚፈለጉት እነሱ ስለሆኑ ቀድመው ይሄዳሉ። የመልቀቂያ ደብዳቤ ከመጣ በኋላ ደመወዝ መጨመር ብዙም አይዝም፤ የቀሩትንም «እኛም ደብዳቤ እናስገባ እንዴ?» ያሰኛል። አሁኑኑ ለብቻ አነጋግሯቸው። ምን ቢሆን እንደሚቆዩ ጠይቁና የምትችሉትንና የማትችሉትን በግልጽ ንገሯቸው። የሚሄደውን በክብር ሸኙ። የቀረው ሰው ራሱን የሚያየው በአሸኛኘቱ ውስጥ ነው።

ቅነሳው አልቋል። የቀረው ሠራተኛ ግን ለምን ደስ አላለውም?

ጓደኛው ሄዷል፤ ሥራው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሦስት ሰው ይሠራ የነበረውን ለሁለት ሰው ስትሰጡ የሚቀረውን ንገሯቸው። ማንም የማያነበው ሳምንታዊ ሪፖርት ይቅር። ለአንድ ወጪ አምስት ፊርማ የሚጠይቀው ቅጽ ይቅር። የሚቀር ነገር ከሌለ ሥራው አልተሻሻለም፤ ሰው ብቻ ነው የቀነሰው። «ተመስገን በሉ፣ እናንተ ተርፋችኋል» የሚለውን ደግሞ እባካችሁ ተዉት።

የእርካታ መጠይቅ እንበትን?

ባለፈው የሞሉት ምን እንደሆነ ካልተነገራቸው አትበትኑ።

የሰው ኃይል ባለሙያ ነኝ። ስለ እኔስ ማን ያስባል?

እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ማንም። ዝርዝሩን ቀድመሽ ታውቂያለሽ። ስሟ ያለበት ጓደኛሽ ምሳ ላይ «አንቺ መቼም ሳትሰሚ አትቀሪም» እያለች ዓይንሽን ታያለች። «ብሰማም እንደማልነግርሽ ታውቂያለሽ፤ ለሌላውም እንደዚያው ነኝ» በያት። ትቀየም ይሆናል፤ ከዋሸሻት ግን ይብሳል።

ከአለቃሽ ሁለት ነገር ጠይቂ። ሚስጥሩ የሚያበቃበትን ቀን፣ እንዲሁም ከባዱን ንግግር ሁሉ ብቻሽን እንዳትሸከሚ ተራ የሚገባልሽን ሰው። በቀን ከአራት አምስት ሰው በላይ እንዲህ ያለ ዜና መንገር ድምፅን የቴፕ ያስመስላል፤ ያ ደግሞ ለሰሚውም ግፍ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ የምታወሪው ሰው ይኑርሽ። የራስሽንም ምደባ በጽሑፍ ጠይቂ። የሰው ኃይል ክፍል ሌላውን ሁሉ መድቦ ራሱን መጨረሻ ላይ የሚያስታውስበት ቦታ ብዙ ነው።